ማርያም ግምብን ያቆመው ኖራ

ተመራቂዎች፦ ፀሐዩ ከሯል፤ እናቶችም ጃንጥላ ዘርግተው ልጆቻቸውን በዓይናቸው እየፈለጉ ነው፤ ስለዚህ አላስረዝምም። ግንባታ ስለተማራችሁ ስለ አንድ አሮጌ ግድግዳ ላወራችሁ መጥቻለሁ።

ከአዘዞ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጋችሁ ወደ ጣና ብትወርዱ ጎርጎራ ትደርሳላችሁ። ከከተማዋ ራቅ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር፣ የአገሬው ሰው ማርያም ግምብ የሚለው ፍርስራሽ አለ። በ1620ዎቹ (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጀስዊት ሚሲዮናውያን ያሠሩት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር።

እኛ የለመድነው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፤ ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ እየጠበበ፣ እየተሸፈነ ይሄዳል። ማርያም ግምብ ግን ወደ ውስጥ የረዘመ አንድ አዳራሽ ነው፤ በሩ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ቀጥ ብሎ መሠዊያው ላይ ያርፋል። የመሠዊያው ክፍል ጣሪያ በድንጋይ ቅስት የተሠራ ነበር። ቅስቱ በካሬ በካሬ ተከፋፍሎ በየካሬው መሀል አበባ ተጠርቦበት ነበር። የጠራቢው ስም አልተጻፈም፤ መሮው ግን ያልቸኮለ እጅ ላይ እንደነበረ ያስታውቃል።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ በአጭሩ ልለፈው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ የጀስዊት ቄስ በ1603 አገራችን ገባ፤ አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ ለዐፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት አሠራላቸው፤ እዚያው ጎርጎራ በ1622 ሞተ። ንጉሡ በዚያው ዓመት የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህኑም ክህነቱን እንደገና ይቀበል ሲል አገሬው ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲልም ሚሲዮናውያኑን አስወጡ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፋሲል ጎንደርን በ1636 ሲቆረቁሩ ሚሲዮናውያኑ ተባርረዋል። ዛሬም ግን ፋሲል ግቢ በር ላይ ቆሞ «ፖርቹጋሎች የሠሩት» የሚል አይጠፋም። እስቲ አስቡት፤ የተባረረ ሰው ተመልሶ ግንብ ይሠራል እንዴ? ቀድሞ በሚሲዮናውያኑ ጊዜም በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በአዘዞ ድንጋይ ያመላለሰው፣ ኖራ ያቦካው፣ ከህንድ ከመጡ ግንበኞች ጎን የቆመው የእኛ ሰው ነበር። የእምነቱን ትምህርት እምቢ ያለ አገር ኖራውን አልጣለም። እኔ የዛን ጊዜ ጎንደሬ ማስተዋል የምለው ይህን ነው።

ኖራ ታጋሽ ነገር ነው። ነጩ ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል፣ በውሃ ይበርዳል፣ ከአሸዋ ጋር ይቦካል፤ ከዚያ ከአየሩ እየሳበ ቀስ ብሎ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ሲሚንቶ እንደ ጎረምሳ ቶሎ ይጠነክራል፤ ኖራ ግን ዓመታት ይፈልጋል። ታዲያ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ አብሮት ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ የጠጣውንም እርጥበት መልሶ ያስተነፍሳል።

ይህን የተማርኩት በጥፋቴ ነው። በሙያው ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን አሮጌ የድንጋይ አጥር የማደስ አደራ ተሰጠኝ። የድንጋዮቹን መጋጠሚያ፣ ስቲላቱራውን፣ በሲሚንቶ ጠቅጥቄ፣ አሳምሬ፣ ምርቃት ተቀብዬ ሄድኩ። ሦስት ክረምት አልፎ ስመለስ ሲሚንቶው እንዳለ ቆሟል፤ ድንጋዩ ግን በመሀሉ እንደ ዳቦ ቅርፊት እየተላጠ ይረግፋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ወጥቷል። አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ አስገብተው፣ «ልጄ፣ አፉን ዘጋህበት እኮ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ማርያም ግምብ ከፊሉ ፈርሷል። ኦርቶዶክሱ የእኔ ነው አይለውም፤ ካቶሊኩም በአካባቢው ጥቂት ነው። ባለቤት ያጣ ቤት ደግሞ እንዴት እንደሚሆን ከእኔ አትማሩም። እኔ በበኩሌ የግንበኛ ነው እላለሁ፤ ስለዚህ የእናንተ ነው። በፋሲል ግቢ በሮችና መስኮቶች ዙሪያ የምታዩትን ቀይ ድንጋይ እያሰባችሁ ወደ ማርያም ግምብ ብትሄዱ ብዙ ነገር ታመሳክራላችሁ።

ስትሄዱ በበጋ ሂዱ፤ ሜትር፣ ቱንቢና ደብተር ያዙ። ምናልባት ሣር ውስጥ አበባ የተጠረበበት ድንጋይ ታገኙ ይሆናል። እባካችሁ አታንሡት። ፎቶ አንሡት፣ ለኩት፣ ከግድግዳው ስንት ክንድ እንደራቀ ጻፉ። ያ ድንጋይ ከየትኛው ካሬ እንደወደቀ የሚነግረን አወዳደቁ ነው፤ ወደ ቤት የተወሰደ ዕለት ግን የበር ማስደገፊያ ሆኖ ይቀራል።