«የእንጀራ እናት» እና ክሯ
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ወርኃዊ መዋጮ አይደለም። ከሱቅ ተገዝታ በሕፃን አፍ ስለምትገባው፣ «የእንጀራ እናት» ስለምንላት የጎማ ጡት ነው። «ይህ ደግሞ የእድር ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠን።

ባለፈው ክረምት አንዲት የሰፈራችን እናት የአምስት ወር ልጇን አስተኝታ ልብስ ልታጥብ ወጣች። የእንጀራ እናቷ ወድቃ እንዳትቆሽሽ ብላ ከልጁ ማተብ ጋር በክር አስራታለች። ልጁ ሲገላበጥ ክሩ በአልጋው ብረት ተጠመጠመ። አያትየው ነጠላቸውን ሊያነሡ ገብተው ባያዩት ኖሮ፣ ያን ዕለት ድንኳናችን ከመጋዘን ይወጣ ነበር። እናቲቱን አንወቅስም። እኛም ልጆቻችንን ያሳደግነው እንዲሁ እያሰርን ነው፤ ስለተረፉልን ልማዱ ደኅና መሰለን እንጂ።

ስለዚህ ክርም ሆነ ሪባን ከሕፃን አንገት ጋር አይታሰር። ለጥርስ ይረዳል እየተባለ የሚሸጠው የዶቃ ሐብልም እንደዚሁ፤ ያንቃል፣ ዶቃውም ከተበጠሰ ጉሮሮ ይዘጋል። የእንጀራ እናት ብትወድቅ ትውደቅ፣ ታጥባ ትመለሳለች። ልጁ ተኝቶ ከአፉ ብትወጣም መልሶ ማጉረስ አያስፈልግም።

ስትገዙ መከለያዋ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰፋ ያለና አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ይሁን። አዲሷን 5 ደቂቃ ቀቅሏት። በየጊዜው ጫፏን ሳብ አድርጋችሁ እዩ፤ ከተሰነጠቀች ጣሏት። በራስ አፍ መጥጦ ማጽዳት ይቅር። ማር መቀባትማ ፈጽሞ አይሆንም፤ ማር 1 ዓመት ላልሞላው ልጅ ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ገና ለተወለደ ልጅ ደግሞ ጡት መጥባቱን በደንብ እስኪለምድ፣ 3 ወይም 4 ሳምንት ያህል፣ ባትሰጡት ይሻላል።

ወደ ጥርሱ እንምጣ። ብዙውን ጊዜ 6 ወር ገደማ ድዱ ያሳክከዋል። ወጥ የጎማ ቀለበት በፍሪጅ ቀዝቀዝ ብሎ (በረዶ ሳይሆን) ይሰጠው፤ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ሲነከስ ይቀደዳል። ቀለበት የሌለው ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ወይም በሳሙና የታጠበ ጣት ይበቃዋል። ቤንዞኬይን የሚባል ማደንዘዣ ያለበትን የድድ ቅባት ግን ተዉት። ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል።

ተቅማጥ ሲይዘው ደግሞ «ግግ ነው» ብሎ ድዱን ማስነቀል አለ። እባካችሁ! ተቅማጡን የሚያመጣው ቆሻሻ ነው እንጂ ጥርስ አይደለም። ድዱ ሲቆረጥ ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ የተቆረጠበት መሣሪያም ሌላ በሽታ ያስገባል። ጡት ሳታቋርጡ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እየሰጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ትኩሳት ሲኖረውም «ጥርስ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ።

ከስብሰባው በኋላ በር ላይ መቀስ ይዘን እንቆማለን። ሕፃን ያዘላችሁ ሳታሳዩን እንዳታልፉ።