አለቃ የሌለው ሥራ፣ ባለቤት ያለው አደራ

(የቲሞችን ለሚያሳድጉ እናቶችና ለደጋፊ ቤተሰቦች በጎንደር ከተማ የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ በቤቱ ተቀምጦ በገዛ እጁ ሥራ የሚተዳደር ሰው ትጋቱንና የሙያ ክብሩን እንዴት ይጠብቃል የሚል ነው። ርእሱ እንደተነገረኝ አስቀድሞ ትዝ ያለኝ ያደግሁበት የአዲስ ዓለም ቤት ነው። በዚያ ሰፈር ቤትና የሥራ ቦታ ተለያይተው አያውቁም ነበርና።

እንደሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመነ መንግሥት የተሰበሰበው ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። አባቶቻችንም ከከተማው ዝቅ ብሎ በቀሃ ወንዝ በኩል በሚገኘው ሰፈር ሰፈሩ። የመሬት ርስት ስላልተፈቀደላቸው በአብዛኛው ኑሯቸውን በንግድና በሽመና ላይ መሠረቱ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ለብዙው ቤተሰብ እርሻው የሽመና ጉድጓዱ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

አባቴ ወደ አኼራ ሲሄዱ ስድስት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ያሳደጉኝ አጎቴ ሸማኔ ነበሩ። የሽመና ዕቃቸው የተተከለው ከመኝታችን አምስት እርምጃ በማይርቅ ቦታ ነው። ሰዓት የሚቆጣጠራቸው አለቃ አልነበራቸውም። ሆኖም ከፈጅር ሶላት በኋላ ቁርሳቸውን ቀምሰው፣ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ ሲያወርዱ፣ ከቤት ወጥተው እንደሄዱ ይቆጠር ነበር። ጎረቤት ለቡና ሲጠራቸው ባለቤታቸው፣ «ሥራ ላይ ናቸው፤ ከዙህር በኋላ ይመጣሉ» ይሉ ነበር። ለቅሶ ወይም የታመመ ሰው ጥየቃ ከሆነ ግን ይነሣሉ፤ የጎደለውንም ሰዓት በሌላ ቀን ይመልሱታል።

በየማለዳው የዕለቱን ሥራ በክንዳቸው ለክተው በድሩ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። ሥራው ከክሩ ሳይደርስ አይነሡም፤ ከደረሰም በኋላ ራሳቸውን አያስጨንቁም። እኔ ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ በቤቱ የሚሠራ ሰው ልቡ እስኪነሣሣ ድረስ መጠበቅ እንደሌለበት ነው። ልብ አንድ ቀን ይነሣሣል፤ አንድ ቀን ይደክማል። ቀዩ ክር ግን በየቀኑ እዚያው ነው።

እናቶቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ልብስ ትሰፋላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እንጀራና ዳቦ ትጋግራላችሁ፤ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታችሁ የምትሸጡ፣ ሰፌድና ሞሰብ የምትሰፉም አላችሁ። ቤት የዋለ ሰው ለጎረቤት ሥራ ፈት ይመስላል። ስለዚህ ሥራችሁ ሰዓት እንዳለው በቅድሚያ እናንተ እወቁ፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤትም ያውቀዋል።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ከደባርቅ የመጡ ሰው ለልጃቸው ሰርግ ጋቢ አዘዙ፤ ቀብድም ከፈሉ። አጎቴ ለቅዳሜ ቃል ገቡ። በመካከሉ የተሻለ ዋጋ ያለው ሌላ ትእዛዝ መጣና እርሱን አስቀደሙ። ቅዳሜ ዕለት ሰውየው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሲደርሱ ጋቢው ገና ከግማሽ አላለፈም ነበር። ሰውየው አልተቆጡም። «ቃልህን አምኜ ነው ሌላ ቦታ ያላዘዝኩት» ብቻ ብለው ሄዱ። አጎቴ ቀብዱን መልሰው፣ ጋቢውንም ከሰርጉ በኋላ ጨርሰው ያለ ዋጋ ላኩላቸው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከደባርቅ አንድም ትእዛዝ አልመጣልንም። በዚያ ዓመት የእኛን የልጆቹን ደብተር የገዛነው ከጎረቤት ተበድረን ነው። የቀጠሮ መፍረስ በልጅ ደብተር ላይ እንደሚደርስ ያኔ አየሁ። አጎቴም ከዚያ በኋላ የያዙትን ድር ሳይጨርሱ የሌላ ሰው ቀብድ አልተቀበሉም።

ሦስተኛው ነገር ገንዘብ ነው። አጎቴ ሁለት ከረጢት ነበራቸው፤ አንዱ የክር መግዣ፣ ሌላው የቤት ወጪ። በረሃብ ቀን እንኳ ከክሩ ከረጢት ለዘይትና ለስኳር አይወጣም ነበር። የክሩ ገንዘብ የተበላ ቀን ሽመናው ይቆማል፤ ሽመናው ሲቆም ደግሞ የቤቱም ከረጢት ባዶ ይሆናል። ብዙ የቤት ሥራ የሚወድቀው ገበያ ጠፍቶ ሳይሆን መነሻው በወጥ ቤት በኩል ስለሚያልቅ ነው።

ከአባቴ የቀረው ጥቂት ገንዘብ ደግሞ በሦስተኛ ከረጢት ለብቻው ተቀምጦ ነበር። ቁርኣን የየቲምን ገንዘብ ከራስ ጋር ቀላቅሎ መብላትን አጥብቆ ይከለክላል፤ በሚመለስበትም ጊዜ ምስክር እንዲቆም ያዛል። አጎቴም ለአካለ መጠን ስደርስ በምስክሮች ፊት አስረከቡኝ። ዛሬ ለከረጢቱ ምትክ አለን። ከወለድ ነጻ የሆነ ሒሳብ በብዙ ባንኮች ይከፈታል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። ለሥራው አንድ፣ ለቤቱ አንድ ሒሳብ ይኑር። ይህ ባይመች አንድ ደብተርና ሁለት ጣሳ ይበቃል።

ገበያ የሚቀዘቅዝበት ወራት እንዳለ አውቃለሁ። በክረምት ሰርግ የለም፤ ብርሃኑም ያንሳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸው፣ ቅዳሜ ገበያም የቀዘቀዘባቸው ቀናት ነበሩ። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ተስፋ መቁረጥ ቅርብ ነው። በአጎቴ ቤት ገበያ ሲቆም እጅ አይቆምም ነበር፤ ጥጥ ይፈተላል፣ ዕቃ ይጠገናል፣ ለመጪው ወቅት ልቃቂት ይጠራቀማል። ከደጉ ወር ጥቂት ለክፉው ወር ማስቀመጥም የሥራው አንድ ክፍል ነው።

የዐብደላህ ኢብኑ መስዑድን ባለቤት ዘይነብን (ረ.ዐ.) አስታውሱ። በእርሳቸው ሥር ለሚያድጉ የቲሞችና ለባለቤታቸው የሚያወጡት ገንዘብ ከሰደቃ ይቆጠር እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በቢላል አማካይነት አስጠየቁ። መልሱም ሁለት ምንዳ እንዳላቸው፣ አንዱ የዝምድና፣ ሌላው የሰደቃ እንደሆነ የሚገልጽ ነበር። ስለዚህ ከመጋገሪያው ወይም ከስፌቱ ፊት የተቀመጠች እናት ሰደቃ ተቀባይ ብቻ አይደለችም፤ እርሷም ሰጪ ናት።

በመጨረሻም ለጋሽ ቤተሰቦችን የምለምነው አለ። ከእነዚህ እናቶች ስትገዙ፣ ቤት ስለሚሠሩ ብቻ ዋጋ አትስበሩባቸው። ስታዝዙ ቀብድ ክፈሉ፤ ስትረከቡ ቀሪውን በዕለቱ ስጡ። «ነገ እልካለሁ» የተባለ ገንዘብ የእነርሱ የክር ገንዘብ ነው። ሥራው ጉድለት ካለበትም በአክብሮት ንገሯቸው፤ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። ለእኛ ለየቲሞቹ ልብስና መጽሐፍ የሰጡንን ሁሉ እስከ ዛሬ በዱዓ አስባቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ቤታችንን ያቆሙት፣ በየዓመቱ ተመልሰው ጋቢ ያዘዙልንና በቀኑ የከፈሉን ሰዎች ነበሩ።

አላህ እጃችሁን ይባርክ፤ ሐላል ሪዝቅም ያስፋላችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።