ያላለቀ መኪና፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ ያላለቀ መኪና ገዝቶ በደህና ቤት ስለ ማድረስ ነው። ርእሱ ሲነበብ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩ ሰው፣ በግማሽ ቀን ጉዞ ውስጥ የሠራሁት ስህተት የአንድን ወጣት ሕይወት ሊያስከፍል ለጥቂት ቀርቶታል። ይህን ከእናንተ ደብቄ ስለ ፍሪክሽን ቀመር ብቻ ብነግራችሁ መምህርነቴ ጎዶሎ ይሆናል።

በመጀመሪያ ስለ ጉዳዩ ጥቂት ልበል። በሌላው ዓለም «ኪት ካር» የሚባል ነገር አለ፤ ገዢው ክፍሎቹን በሳጥን ተቀብሎ በግቢው ውስጥ ራሱ የሚገጣጥመው መኪና ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ሎተስ ሰቨን በዚህ መንገድ ይሸጥ ነበር። ምክንያቱ የእጅ ሙያ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥመው መኪና የግዢ ግብር አይከፈልበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ ያ ጥቅም ቀረ። በአሜሪካም ብሩስ ማየርስ የተባለው ሰው በካሊፎርኒያ ከፋይበርግላስ የሠራውን ቦዲ በቮልስዋገን ወለል ላይ መጫን የሚቻል መሆኑን አሳየ።

የግብሩ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአገራችን የኤሌክትሪክ መኪና ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ሲገባ የጉምሩክ ቀረጥ እንዳይከፈልበት፣ በከፊል ተገጣጥሞ ሲገባ 5 በመቶ፣ አልቆ ሲገባ ደግሞ 15 በመቶ እንዲከፈልበት ተወስኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉም አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ስለዚህ አንድ ግለሰብ በእኛ አገር የሚገዛው ያላለቀ መኪና፣ በአብዛኛው ከፋብሪካ በሳጥን የመጣ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ፈትቶ ማደስ ጀምሮ ገንዘብ ወይም ትዕግሥት ያለቀበት ነው። እኔም የገዛሁት እንዲህ ያለ ቮልስ ነው።

ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ የመጨረሻው በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ከፋብሪካ ወጥቷል። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገን ግን አሠራሩ ነው። ቮልስ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ጎማዎቹ፣ መሪውና ማርሹ የተያያዙበት ወለል ነው፤ ሁለተኛው ከላይ የሚቀመጠው ቦዲ ነው። ሁለቱ ዙሪያውን በቡሎኖች ይያያዛሉ። ሞተሩ ከኋላ በአራት ማሰሪያ ብቻ ስለሚያዝ በቀላሉ ይወርዳል። በቀላሉ የሚፈታ መኪና ደግሞ በቀላሉ ይበታተናል፤ የእኔው ወለሉና ቦዲው ሰበታ፣ ሞተሩ ቡራዩ ነበር። ቤቴ ሱሉልታ ነው። ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም በመሐላቸው አዲስ አበባና እንጦጦ አሉ።

ግዢውን በተመለከተ ጥንቃቄ አድርጌአለሁ፤ ይህን ክፍል ልትከተሉት ትችላላችሁ። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ በወለሉ መሐል በሚያልፈው ጀርባ ላይ ተመትቷል። ቁጥሩን ጠርጌ ከሊብሬው ጋር አመሳከርኩ። የሞተሩ ቁጥር ያለው ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር ስለሆነ፣ ቡራዩ ሄጄ እስካየው ድረስ የዋጋውን ግማሽ ይዤ ቆየሁ። ውሉም በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ተፈረመ። ልብ በሉ፤ በሕግ ፊት መኪናው ማለት ወለሉ ነው። ቦዲውን ብትቀይሩት መኪናው ያው መኪና ነው፤ ወለሉን ብትቀይሩት ግን ሌላ መኪና ይዛችኋል። ይህን በወረቀት ላይ በሚገባ የተረዳሁ ሰው በገመድ ላይ ረሳሁት።

በሰበታ ቮልሱን በአንድ አይሱዙ ላይ ጫንነው። ፍሬን አልነበረውም፤ ከጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረግንበት። ከዚያ እኔው ራሴ ገመዱን በመስኮቶቹና በበሮቹ መሐል ባሉት ምሰሶዎች አሳልፌ በስድስት ቦታ አሰርኩ። ከጋራዡ አብሮን የመጣው ረዳት፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየና «ጋሼ፣ ይሄ ከታችኛው ጋር በደንብ የተያዘ አይመስለኝም» አለኝ። እኔም ገመዱን ነቅንቄ አሳየሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ልጁ ዝም አለ።

ስህተቱን በቁጥር እንየው። ያለ ሞተርና ያለ ወንበር ክብደቱን 550 ኪሎ እናድርገው። ሰው ጭነት ሲያስር የሚፈራው ዳገትና ቁልቁለትን ነው። ቁልቁለቱ 8 በመቶ ቢሆን ጭነቱን ወደ ፊት የሚስበው ኃይል 44 ኪሎ ገደማ ነው፤ ታኮ ይበቃዋል። የጭነት ማሰሪያ ስሌት ግን በድንገት ፍሬን ሲያዝ እስከ ክብደቱ 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ እስከ 50 በመቶ የሚደርስ ኃይል እንዲታሰብ ያዛል። ይህ ማለት ወደ ፊት 440 ኪሎ ነው፤ ከቁልቁለቱ አሥር እጥፍ። ፍሬን የሌለው መኪና ጎማ ስለሚሽከረከር የጎማው ፍሪክሽንም አይረዳም።

የእኔ ገመዶች ይህን ኃይል ይችሉ ነበር። ችግሩ የያዙት ቦዲውን መሆኑ ነው። የቀድሞው ባለቤት ቦዲውን በወለሉ ላይ ያስቀመጠው በጥቂት ቡሎኖች ብቻ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንላለን፤ እኔ ግን ያሰርኩት የአንበሳውን ጎፈር ነበር።

ቡራዩ ደርሰን ሞተሩን ከጫኝው ክፍል ፊት ለፊት አስቀመጥነው። ልጁ ሞተሩ እንዳይንከባለል ከጎኑ ተቀምጦ እንደሚይዘው ነገረን። እኔ ልፈቅድለት ነበር። ሾፌሩ ግን «ጭነት በገመድ እንጂ በሰው አይያዝም፤ ጋቢና ግባ» አለው። ልጁ እያጉረመረመ ገባ፤ ሞተሩም በገመድ ታሰረ።

በዊንጌትና በአዲሱ ገበያ በኩል እንጦጦን ወጥተን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ጭነት የያዙ አህዮች ድንገት መንገዱን አቋረጡ። ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። ከኋላችን አንድ ከባድ ድምፅ ተሰማ። ወርደን ስናይ ቦዲው በገመዶቹ እንደተያዘ ባለበት አለ፤ ወለሉ ግን ታኮውን ዘሎ፣ ቡሎኖቹን ቀድዶ፣ ከሥሩ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ሞተሩን ከጫኝው ክፍል ግድግዳ ጋር አጣብቆታል። ልጁ ሊቀመጥበት የነበረው ቦታ ያ ነው። አየውና ምንም አላለም። እኔም የምለው አጣሁ።

ውድ ተማሪዎች፤ ያለቀ መኪና አንድ አካል ነው፤ አንዱን ጫፍ ብትይዙት ሌላው ይከተላል። ያላለቀ መኪና ግን ተጠግተው የተቀመጡ ብዙ አካላት ነው። ልዩነቱ የጎደለው ዕቃ ብዛት ሳይሆን፣ ያለውም ዕቃ ከምን ጋር እንደተያያዘ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ከሥሩ ተኝታችሁ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ የጎደሉትን አስገቡ። ማሰሪያውን ከቦዲው ላይ ሳይሆን ከፊትና ከኋላ አክስሎቹ ላይ፣ በአራት አቅጣጫ ወጥራችሁ እሰሩ። የላላውን በር፣ መስታወትና መብራት አውርዳችሁ ለብቻው ጠቅልሉ። ባትሪውን አውጡ፤ በሰልባትዮው ውስጥ የቀረ ቤንዚን ካለም አስቀድዱ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተጓዛችሁ በኋላ ቆማችሁ ማሰሪያውን እንደገና ወጥሩ፤ ሞላው ሲረጋ ገመድ ይላላልና። ከጭነቱ ጋር ማንንም አታስቀምጡ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ያየውን ሰው አድምጡ። በዚያ ቀን ከአራታችን ሦስቱ፣ እኔ፣ ሾፌሩና ልጁ፣ በሙያችን የምናውቀው ነገር ነበረን፤ አራተኛው ሻጩ ነው፤ እርሱም ስንት ቡሎን እንዳስገባ ያውቅ ነበር። ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። ልጁ ያየውን ነገረኝ፤ እኔ ግን ዲግሪዬን ተማምኜ ገመድ ነቅንቄ መለስኩለት።

ቮልሱ ዛሬ ሱሉልታ በግቢዬ ውስጥ ቆሟል። ወለሉና ቦዲው በሁሉም ቡሎኖቻቸው ተያይዘዋል፤ ሞተሩ ግን ገና አልገባም። ያ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ አብረን እንሠራለን። ከሥሩ የሚገባው እርሱ ነው፤ እኔ ቁልፍ አቀብላለሁ።