አግዳሚ ወንበሩ ላይ የሚጠብቁ አያቶች

ሐራሬ፣ ዚምባብዌ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አለ። የመጣው ሰው «ለምንም የማልረባ ነኝ» ቢል፣ አጠገቡ የተቀመጡት አያት አይቆጡትም፤ እስኪጨርስ ያዳምጡታል።

የአገሩ ሾናዎች እንዲህ ያለውን ሕመም «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። የእኛስ ሰው «ሐሳብ ገደለኝ» ይል የለ?

የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በፈረንጆቹ 2006 በሐራሬው ምባሬ ሰፈር ውስጥ ይህን የአግዳሚ ወንበር ሥራ የጀመሩት ከ14 አያቶች ጋር ነው። አያቶቹ ችግሩን ሁሉ ያስዘረዝሩና አንዱን ብቻ ያስመርጣሉ፤ ለሳምንቱ የሚሞከር ትንሽ እርምጃም አብረው ያወጣሉ። ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ራሱን የናቀ ሰው አንዲት ነገር በገዛ እጁ ስትሳካ ያያል።

በፈረንጆቹ 2016 የታተመው፣ 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ ከስድስት ወር በኋላ ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ሰዎች የድብርት ምልክት ከሌሎቹ ተሳታፊዎች በእጅጉ አንሷል።