መሬትን አንኳኩቶ ማወቅ
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ እዚህ ያለን ሰዎች ለዘመዶቻችን ተጨንቀን ነበር። «እዚህስ ያሰጋል ወይ?» ብላችሁ ለምትጠይቁ መልሱ አዎ ነው። የአፋሩ ስንጥቅ በቀይ ባሕር አድርጎ እስከ ኤላት ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ይደርሳል፤ ከዚያም ሌላ ስንጥቅ ተቀብሎት በሙት ባሕርና በኪኔሬት በኩል ወደ ሰሜን ይዘልቃል። በአፋር መሬቱ እየተከፈተ ይሄዳል። እዚህ ግን ሁለቱ ወገኖች በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ጎን ለጎን ይንሸራተታሉ። እ.ኤ.አ. በ1837 ጽፋትን ያፈረሰው፣ በ1995 ደግሞ ኤላትን ያናወጠው ነውጥ የመጣው ከዚሁ ነው።

ታዲያ ማንም ቆፍሮ ያልደረሰበትን ጥልቀት ሊቃውንቱ እንዴት አወቁት? እናቶቻችን ከእሳት የወጣውን እንስራ በጣታቸው መታ አድርገው፣ ደህና ይሁን ስንጥቅ በድምፁ ይለዩ የለም? ይኸም እንደዚያው ነው፤ መቺው ግን ራሱ የመሬት ነውጡ ነው። ነውጥ ሲነሳ የመሬትን ገጽ ይዘው የሚጓዙ ሞገዶች አሉ። ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1885 በስሌት ያገኘው ዓይነት መሬቱን እንደ ባሕር ያንከባልለዋል፤ በ1911 ላቭ ያስረዳው ደግሞ ወደ ጎን ያወዛውዘዋል። ፍጥነታቸው በሰከንድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚመላለሰው ሞገድ የሚነካው የላይኛውን ቅርፊት ብቻ ነው። አንዱን ውዝዋዜ ለመጨረስ 100 ሰከንድ የሚፈጅበት ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ያለውን ዓለት ሳይቀር ይዳስሳል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ፍጥነት ለይቶ የለካ ሰው፣ መሬትን ከላይ እስከ ታች እንደ እንጀራ ድርብ ያነባታል። ዓለቱ ሲግል ሞገዱ ይዘገያል። በኢትዮጵያ ሥር እጅግ ይዘገያል፤ ይኸም ከታች ትኩስና በከፊል የቀለጠ ዓለት መኖሩን ያሳያል። ቅርፊቱም በደጋው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በአፋር ከ25 በታች ነው።

የገጽ ሞገዶች የሚደርሱት መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ የሚመጣው ፈጣን ግን ደካማ የሆነ ሌላ ሞገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው «ትሩዓ» የተባለው ማስጠንቀቂያ ያንን ቀዳሚ ሞገድ ይዞ ይጮኻል። ነውጡ የተነሳው ቅርብ ከሆነ ግን ጊዜ ላይሰጥ ይችላል። በሰከንዶች ውስጥ መውጣት የምትችሉ ወደ ሜዳ ውጡ። ካልቻላችሁ ወደ ማማድ ግቡ፤ እንደ ሚሳይል ጊዜ ግን በሩን አትዝጉት፣ ግድግዳው ከተጣመመ አይከፈትላችሁምና።