«ማን ነህ? ምን ጎደለህ?»

(በካኩማ የስደተኞች ካምፕ በኢትዮጵያውያን ወላጆችና መምህራን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ከትምህርት ስለሚቀሩ ልጆች ነበር። ሆኖም ልጆቹ የሚቀሩበትን ምክንያት ስንከታተል ከየቤታችሁ ደረስን፤ ከቤትም ገብተን ከጀበናው አጠገብ ተቀመጥን። ስለሆነም ንግግራችን በአደባባይ ስለማይወራው፣ ነገር ግን በየብሎኩ ስላለው ስለ ዛርና ስለ ውቃቢ ይሆናል።

በቅድሚያ ማንነታችንን እንግለጽ። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ቀሳውስት፣ ሼኮች ወይም ፓስተሮችም አይደለንም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን ልጆቻችሁን የምናስተምር ስደተኞች ነን። ሃይማኖቶቻችን ዛርን እንደማይቀበሉ እናውቃለን። ማንንም ከእምነቱ ለማስወጣት አልመጣንም፤ ማንንም ወደ ዛር ለመጋበዝም አልመጣንም። የመጣነው ስለ አንዲት ተማሪያችን ልንነግራችሁ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስለ ነገሩ ራሱ ጥቂት እንበል።

ሽማግሌዎች እንደሚያወጉት እናታችን ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ ሲመጣ፣ ዓይን እንዳይገባባቸው ፈርታ አሥራ አምስቱን ቆንጆዎች ደበቀቻቸው። ፈጣሪም «የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ» አለ። እነዚያ የተሰወሩት ልጆች ዛሮች ሆኑ ይባላል። በዚህ አነጋገር ዛር ማለት ከሩቅ የመጣ ባዕድ ሳይሆን የተረሳ፣ ድርሻውን የሚጠይቅ ዘመድ ነው።

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ውቃቢ እንደ ርስት ይወረሳል። ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። የቤቱ ሰው ሲታመም፣ እንቅልፍ ሲያጣ ወይም ዝም ሲል ዘመድ ይሰበሰባል። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጤሳል፣ ሽቶ ይረጫል፣ እንደ ውቃቢው ፍላጎት ቀይ ወይም ገብስማ ዶሮ ይታረዳል። ዛሩ በሰፈረበት ሰው ላይ ሲያጓራ ባለ ዛሩ «ማን ነህ? ምን ጎደለህ? ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ዛሩም ስሙን ይናገራል፣ የሚፈልገውን ይዘረዝራል። ቤተሰቡ እሺ ይላል፤ ዕርቅ ይሆናል። ልብ በሉ፤ ዛር እንደ ጋኔን በኃይል አይባረርም። ቃል ይገባለታል፣ በየጊዜው ግብሩ ይሰጠዋል፣ አብሮ ይኖራል።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ሱዳኖች ዛር ይሉታል፤ «ቀይ ነፋስ» የሚል ስምም አላቸው። ሶማሌዎች ሳር ወይም ሚንጊስ ይሉታል። ካናዳዊቷ ጃኒስ ቦዲ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ በሰሜን ሱዳን ከሚታወቁት ዛሮች መካከል «ሐበሾች» የሚባሉ ወገኖች እንዳሉ ጽፋለች። እኛ የሌላውን መንፈስ ስንፈራ ጎረቤት ደግሞ የእኛን ይፈራል ማለት ነው። እዚሁ ካኩማ ጎረቤቶቻችን የሆኑት ቱርካናዎች ኤሙሮን የሚሉት ባለ ራእይ አላቸው፤ የታረደ ፍየል አንጀት አይቶ የመጣውን ነገር ይናገራል። ዲንካዎች ለታመመ ሰው ዘመድ ሰብስበው፣ እየለመኑ ከብት ይሠዋሉ። መልኩ ይለያያል፤ ነገር ግን በሁሉም ዘንድ በሽተኛው ብቻውን አይተውም።

የውጭ ሰዎችም ይህንን አጥንተውታል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ ከባለ ዛሮች ጋር ለወራት ቆይቶ ያየውን ጽፏል። ሳይመን ሜሲንግ የተባለው ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ጽሑፍ የዛር ማኅበር በቡድን የሚሰጥ ሕክምና እንደሚመስል አስረድቷል። በተለይም በቤቷ የተዘነጋች ሚስት በራሷ አፍ ልትጠይቀው የማትደፍረውን ቀሚስና ሽቶ ዛሯ ሲጠይቅላት ባል ለመስጠት ይገደዳል።

አሁን ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ስሟን አንጠራም፤ ቤተሰቧ ፈቅዶልን ነው የምንናገረው።

ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ወደቀች፤ ተንፈራገጠች፤ አፏ አረፋ ደፈቀ። እኛ መምህራኖቿ ምን አደረግን? አንዱ ክብሪት ጭሮ አሸተታት። ሌላው በእስክሪብቶ ጥርሷን ሊፈለቅቅ ታገለ። ልጆቹ ምራቋ እንዳይነካቸው ሸሹ። ሁሉም ስሕተት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አላወቅንም።

ክሊኒክ ተወሰደች። የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ተሰጣት። አያቷ ግን «የእኔ ውቃቢ ወደ እሷ ወርዶ ነው፤ ከአገር ከወጣን ቡናውን አቋርጠንበታል» አሉ። እኛም ይህንን ሰምተን ወደ ቤታቸው ሄድን፤ ከደጃፍ ቆመን «ይህ ኋላ ቀርነት ነው፤ ተዉት» ብለን ተመለስን። ቡና ጠጡ ቢሉን እምቢ አልን።

ሁለት ወር ያህል ልጅቷ ሳትወድቅ ቆየች። ከዚያ ቤተሰቡ ከራሽኑ እህል ሸጦ ዶሮ ገዛ፣ ዘመድ ጠርቶ አደረ፤ ውቃቢው ታረቀ ተባለ። ከታረቀ ደግሞ ክኒኑ ለምን ያስፈልጋል ብለው አቋረጡት። እናቲቱ ይህንን ለእኛ አልነገሩንም። ለምን ይንገሩን? ስቀንባቸው ነበርና። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ብቻዋን ከሰል ምድጃ አጠገብ ሳለች ወደቀች። ክንዷ እስከ ክርኗ ተቃጠለ።

ወገኖቻችን፤ በዚህ ቃጠሎ የእኛም እጅ አለበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ነገር ግን የሚስቅ ሰው በተሰበሰበበት በሽታውን የማይደብቅ ማን ነው?

ከዚያ በኋላ እንደገና ሄድን። በዚህ ጊዜ ጫማችንን አውልቀን ገባን፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ተቀመጥን። ያችን የዕርቅ ሌሊት ምን እንደነበረ ጠየቅን። እናትየው እንደነገሩን በዚያች ሌሊት ልጅቷ «ምን ጎደለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ በትምህርት ቤት ልጆቹ በበሽታዋ ስም እንደሚጠሯት፣ አጠገቧ የሚቀመጥ እንደሌለ ተናግራ አለቀሰች። እናትየውም በመንገድ ስለቀረው ወንድ ልጃቸው ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት አለቀሱ። ዛሩ ይሁን ልጅቷ የተናገረው እኛ አንፈርድም። ነገር ግን እኛ ዓመት ሙሉ ስናስተምራት ያልጠየቅናትን ጥያቄ አያቷ በአንድ ሌሊት ጠየቋት።

በካምፕ ኑሮ ሰው የሚጠየቀው ምንድን ነው? የካርድ ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመጣበት ቀን። ይህ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ጀምሮ ስንት ሰው ስንት ፎርም ሞልቷል! «ማን ነህ? ምን ጎደለህ?» ብሎ ቡና ቀድቶ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከእናቶቻችን ሥርዓት ልንጠብቀው የሚገባን ይህንን ነው ብለን እናምናለን። በሽተኛን ከብቦ መቀመጥን፣ የተዘነጋውን ማስታወስን፣ የተጣላውን ማስታረቅን።

ያልቻለውንም እንናገር። የሚጥል በሽታ ከአንጎል ነው። በምራቅ አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ተመርምረው ቢታከሙ በዚህ በሽታ ከተያዙት ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ክኒኑን በድንገት ማቋረጥ ግን በሽታውን አብሶ ይመልሰዋል። ትኩሳት ያለበት ልጅ ለወባ መመርመር አለበት፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። ውቃቢ ቢታረቅም እነዚህ አይታረቁም። በሽተኛን የሚያስር፣ የሚገርፍ፣ ምግብ የሚከለክል ወይም የልጆችን ራሽን ገንዘብ የሚጠይቅ ባለ ዛር ቢኖር፣ ያ የእናቶቻችን ሥርዓት አይደለም፤ ንግድ ነው።

ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉን? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ሌሎች ረጂዎች በጋራ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት የአእምሮ ጤና መመሪያ ሠራተኞቻቸው የአካባቢውን ባህላዊ ፈውስ እንዲያውቁ፣ ተገቢ ሲሆንም አብረው እንዲሠሩ ይመክራል። ስለዚህ ለጤና ሠራተኛ «በቤታችን እንዲህ እናደርጋለን» ብሎ መናገር የሚያሳፍር አይደለም። ክሊኒክ ስትሄዱ ንገሩ፤ የምታጤሱትን፣ የምታጠጡትንም አትደብቁ።

በተማሪያችን ቤት መፍትሔውን ያገኙት አያቷ ናቸው። ክኒኑን ከረከቦቱ ጎን አስቀመጡት፤ ማታ ቡና ሲፈላ ልጅቷ በቤተሰቡ ፊት ትውጣለች። «ለውቃቢው ቡናው፣ ለልጅቷ ክኒኗ፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ አይቀማም» አሉን። ድናለች አንልም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ነገር ግን ከትምህርቷ አትቀርም፤ አጠገቧም የሚቀመጡ ሁለት ጓደኞች አሏት።

በመጨረሻ ሰው ሲወድቅ ምን ማድረግ እንደሚገባ በአጭሩ እንግለጽ፦

1. እሳትና ስለት ያለበትን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ ከራሱ ሥር ልብስ አንጥፉ።
2. አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ክብሪት አታሽትቱ፤ አጥብቃችሁ አትያዙት።
3. መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት፤ እስኪነቃ አብራችሁት ቆዩ።
4. ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ በፍጥነት ወደ ሕክምና ውሰዱት።
5. ያለ ጤና ሠራተኛ ምክር ክኒን አታቋርጡ።

እኛ መምህራንም ቃል እንገባለን። በክፍላችን ውስጥ ልጅን በበሽታው ስም የሚጠራ አይኖርም። ወደ ቤታችሁ ስንመጣም ከደጃፍ ቆመን አንናገርም።

ሔዋን ልጆቿን የደበቀችው ስለምትወዳቸው ነበር። እኛም የታመሙ ልጆቻችንን በፕላስቲክ ቤታችን ውስጥ የምንደብቀው ስለምንወዳቸው ነው። ግን የተደበቀው እንደተደበቀ ቀረ። እባካችሁ አትደብቋቸው፤ ወደ ክሊኒክም ወደ ትምህርት ቤትም ይዛችኋቸው ኑ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።