ውጊያ ያላዩ ዘማቾች፦ ከተኩስ አቁም በኋላ የነበሩት የቃኘው ወጣቶች ትዝታ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ እምብዛም ስፍራ ያላገኘ ነው። ስለ ኮርያ ዘመቻ በተነሣ ቁጥር የምናወሳው ውጊያውን ነው። እኔ ግን ውጊያው ከቆመ በኋላ ባሕር ተሻግረው ሄደው አንዲት ጥይት ወደ ጠላት ሳይተኩሱ ስለተመለሱት ወጣት ወታደሮች ትዝታ መናገር እወዳለሁ።

አስቀድሜ የነገሩን አመጣጥ ባጭሩ ላስታውስ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሣ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ፑሳን ደረሰ። ስያሜውን ያገኘው ከልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው ነው። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመድቦም ተዋጋ። በየተራ ከዘመቱት ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል ከ120 በላይ የሚሆኑት ወድቀዋል። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ አቁም ስምምነት ተፈረመ።

የብዙዎቻችን ትረካ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። ወታደሮቹ ግን በዚያ ቀን ጓዛቸውን ጠቅልለው አልተመለሱም። የተፈረመው ተኩስ አቁም እንጂ የሰላም ውል ስላልነበረ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል 4 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ከጦር ነጻ ቀጣና ተከልሎ ጥበቃው ቀጠለ። ከአዲስ አበባም ሌሎች ወጣቶች በተራቸው ሄዱ። በዚያ ዘመን ኮርያ ካገለገሉት መካከል የክቡር ዘበኛው ማሞ ወልዴ ይገኝበታል። ማሞን በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በማራቶን ባገኘው ወርቅ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ በባዕድ ምድር ስላሳለፈው የወታደርነት ጊዜ ግን የሚጠይቅ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም።

ለምን አልተጠየቀም? አንዱ ምክንያት መዝገብ ነው። ውጊያ ሪፖርት አለው፣ ሜዳሊያ አለው፣ ጸሐፊ አለው። በ1945 ዓ.ም. ጸደይ ኢትዮጵያውያን ቃኚዎች ፖርክ ቾፕ በተባለው ኮረብታ አካባቢ በሌሊት ያደረጉትን ተጋድሎ አሜሪካዊው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በመጽሐፉ አስፍሮታል። ከዓመት በኋላ በዚያው ግንባር ምሽግ ሲጠግን የከረመው ወጣት ግን ማርሻል አልነበረውም።

ሁለተኛውን ምክንያት በምሳሌ ላስረዳ። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የቃል ታሪክ ሳሰባስብ አንድ አረጋዊ አነጋግሬ ነበር፤ ስማቸውን ላለመጥቀስ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። አባት በመጀመሪያው ቀን አንድ የሌሊት ውጊያ ከነዝርዝሩ ተረኩልኝ። የጓዶቻቸውን ጩኸት፣ የመብራት ጥይቱን፣ የኮረብታውን አቀበት ሁሉ። ይሁን እንጂ ራሳቸው እንደነገሩኝ ፑሳን የደረሱት በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ውጊያው የተካሄደው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ታሪኩን የሰሙት ሰፈር ውስጥ ቀድመዋቸው ከነበሩት ነባሮች መሆኑን በኋላ ተረዳሁ።

ይህን ውሸት ብሎ ማለፍ ለተመራማሪ አይበጅም። እኒህ ሰው ለሃምሳ ዓመት በለቅሶ ቤትና በሠርግ ቤት «ኮርያ ምን ገደሉ?» እየተባሉ ሲጠየቁ ኖረዋል። ለጥያቄው የሚመጥን መልስ ከራሳቸው ሕይወት ባያገኙ ከጓዶቻቸው ተበደሩ። ትዝታ አድማጩ የሚፈልገውን ቅርጽ ይይዛል የምንለው ይህንኑ ነው።

በሁለተኛው ቀን ግን «ጠዋት ስትነሡ ምን ትሠሩ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ረዥም ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ የራሳቸው ትዝታ መምጣት ጀመረ። ማንም ያልተዋጋበትን ምሽግ በየሳምንቱ እንደሚጠግኑ ነገሩኝ። ሌሊት ዘብ ቆመው፣ የጠመንጃው ብረት በባዶ እጅ ሲነካ ቆዳ ይዞ እንደሚቀር ነገሩኝ። በጾም ወራት ሥጋ ያለበት ቆርቆሮ ሲታደላቸው ለሕፃናት እንደሚሰጡ፣ ሕፃናቱም ያንን ቀን ቆጥረው አጥሩ ሥር እንደሚጠብቋቸው ነገሩኝ። አንዱን ልጅ እስከ አሥር በአማርኛ መቁጠር አስተምረውት ነበር። ስለ በረዶም እንዲህ አሉኝ፦ «እኛ በረዶ የምንለው ቆርቆሮ ጣራውን የሚደበድበውን፣ እህሉን የሚያጠፋውን ነው። ያኛው ግን ድምፅ የለውም። ሲነጋ አገሩ ሁሉ ተከፍኖ ታገኘዋለህ።» ጀግንነት በሌለበት በዚህ ምስክርነት ውስጥ የሃያ ዓመት ወጣት ፍርሃት፣ ብርድና ርኅራኄ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህ የአንድ ሰው የግል ርኅራኄ ብቻም አልነበረም። ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ዶንግዱቾን በተባለችው ከተማ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያሳድጉ ነበር፤ ይህም በኮርያውያን ዘንድ እስከ ዛሬ ይታወሳል። ስለዚህ በሰላም ጊዜ የተደረገው አገልግሎት ሥራ ፈት ጥበቃ ነበር ማለት አይቻልም። ጦርነቱ ያፈረሰውን ከመጠገን የሚቆጠር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ፖለቲካ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ መንግሥት ወደ ሶሻሊስቱ ጎራ አዘነበለ፤ በአዲስ አበባ የሚታየው የትግላችን ሐውልትም በሰሜን ኮርያ እርዳታ ቆመ። በዚያ ዘመን የደቡብ ኮርያ ዘማችነትን ማውራት የሚያኮራ ጉዳይ አልነበረም። በአንጻሩ በደቡብ ኮርያዋ ቹንቾን ከተማ ለኢትዮጵያውያኑ መታሰቢያ የቆመው በ1960 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት ጎብኝተውታል። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች በሩቅ አገር እየታወሱ በገዛ ሰፈራቸው ዝም ብለው የኖሩበት ጊዜ አለ። በጊዜው ያልተነገረ ነገር ደግሞ ለልጅ አይተላለፍም።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ለጥናታችሁ የሚጠቅም አንድ ነገር ብቻ ላስጨብጣችሁ። መጠይቃችሁን ስታዘጋጁ «የት ተዋጉ?» ከሚለው አትጀምሩ። ምን ይበሉ እንደነበር፣ ደብዳቤ ማን ይጽፍላቸው እንደነበር፣ ማንን ይናፍቁ እንደነበር ጠይቁ። የቀን አቆጣጠሩን ከሰነድ ጋር አመሳክሩ፤ ሳይጣጣም ሲቀር ደግሞ ሰውየውን ከማሳፈር ይልቅ ያ ታሪክ ከማን እንደመጣ መርምሩ።

ጊዜው ግን አይጠብቀንም። በ1946 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ በሕይወት ቢኖር ዘጠናን የተሻገረ አዛውንት ነው። ያነጋገርኋቸው አባት ካረፉ ቆይተዋል፤ የቀረኝ ድምፃቸው ያለበት ሁለት ካሴት ነው። እናንተ ዘንድ ግን አያት፣ ጎረቤት፣ የደብር አገልጋይ የሆነ ዘማች ሊኖር ይችላል። በኮንጎም ሆነ ከዚያ ወዲህ በሩዋንዳ፣ በብሩንዲና በላይቤሪያ በሰላም አስከባሪነት ያገለገሉትም በመካከላችን አሉ። እነርሱም ማንም ያልጠየቃቸው ብዙ ጠዋቶች አሏቸው። የፊታችን ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ መቅረጫችሁን ይዛችሁ ሂዱ።